ለወረቀት የተሠራ ማሽንና የኔ ምድር ቤት

ይሄ ጽሑፍ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት ከአልጋዬ ሥር ያለውን ሳጥን ስከፍት የ1976ቱን የ8ኛ «ለ» የስም መጥሪያ ደብተር ሻግቶ አገኘሁት። ገጾቹ እርስ በርስ ተጣብቀዋል። ቤቴን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ኮንዶሚኒየም፣ ምድር ላይ፣ አንድ መኝታ። ሐምሌና ነሐሴ ግድግዳው ያልበዋል። የልጅ ልጄም ማታ ማታ ይስላል። ልጄ «አባዬ፣ እርጥበት መምጠጫ ማሽን ግዛ» አለችኝ፤ ገዛሁ። የታሪክ መምህር ሆኜ ታሪኩን ቀድሜ አለማንበቤ ግን ገንዘብ አስከፈለኝ።

ነገሩ የሚጀምረው ከማተሚያ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ብሩክሊን ውስጥ ሳኬት ዊልሄልምስ የሚባል ማተሚያ ቤት ተቸግሮ ነበር። ባለ ቀለም ሥዕል ሲታተም ወረቀቱ ለእያንዳንዱ ቀለም ለየብቻ በማሽኑ ያልፋል። ወረቀት ደግሞ እርጥበት ሲጠጣ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በቃ፣ ቀዩ ከሰማያዊው ጋር አልገጥም አለ። መላ እንዲፈልግ የታዘዘው ዊሊስ ካሪየር የተባለ የ25 ዓመት ኢንጂነር ነው። ንድፉን ያጠናቀቀው ጁላይ 17፣ በኛ ሐምሌ 10 ቀን 1894 ዓ.ም. ነበር። (ያኔ የጅቡቲው ባቡር ድሬዳዋ እንኳ ገና አልገባም!) ዛሬ ኤር ኮንዲሽነር ሲባል ቅዝቃዜው ነው ትዝ የሚለን፤ ሰውዬው የተቀጠረው ግን ወረቀቱን ከእርጥበት እንዲያድን እኮ ነው።

ዘዴው ቀላል ነው። አየሩን በቀዝቃዛ ቱቦ ላይ ታሳልፈዋለህ፤ ሲቀዘቅዝ የያዘውን ተን መሸከም ያቅተውና ጠብታ ሆኖ ይወርዳል። ከፍሪጅ የወጣ የለስላሳ ጠርሙስ እንደሚያልበው ማለት ነው። ኮምፕሬሰር ያላቸው ማሽኖች እስከ ዛሬ በዚሁ መንገድ ይሠራሉ።

የኔም ስህተት እዚህ ላይ ነው። ካርቶኑ «በቀን 12 ሊትር» ይላል። ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚለካው 30 ዲግሪ ሙቀትና 80 በመቶ እርጥበት ባለበት ክፍል ነው። የአዲስ አበባ የነሐሴ ሌሊት የት፣ 30 ዲግሪ የት! ክፍሌ 14 ዲግሪ ነበር። ቱቦው በረዶ ሠራ፣ ማሽኑ በረዶውን ለማቅለጥ ሲቆም ሲነሳ አደረ። ጠዋት ባየው አንድ ብርጭቆ ውሃ።

ሌላው ዘዴ ከካሪየር በፊት በጣም የቆየ ነው፦ ውሃ የሚጠጣ ነገር ማስቀመጥ። አባቶቻችን ይህን በኪሳራ ያውቁት ነበር። ከአፋር በረሃ ደርቆ የመጣው አሞሌ ደጋ ላይ ክረምት ሲያገኘው ይረጥባል፣ ይሸራረፋል። ገንዘብህ እጅህ ላይ ሲሟሟ አስቡት። ስዊድናዊው ካርል ሙንተርስ፣ ገና ተማሪ ሳለ ከባልትሳር ፎን ፕላተን ጋር ሞተር የሌለው ፍሪጅ የሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ1955 ኩባንያ አቋቋመ። ኩባንያው እርጥበት የሚመጥ፣ እየተሽከረከረ በሙቅ አየር መልሶ የሚደርቅ ጎማ በመሥራት ታወቀ። ለቤት የሚሆነው ትንሹ ዓይነት ዚዮላይት የሚባል ማዕድን ይጠቀማል። ብርድ አያስቆመውም፤ ክፍሉንም ትንሽ ያሞቃል። መብራት ግን ይበላል፣ ቆጣሪዬ ምስክር ነው።

ስለዚህ ለጠየቃችሁኝ፦ ደብረ ብርሃን፣ አዲስ አበባ ወይም ለንደን ማሞቂያ የሌለው ክፍል ላላችሁ ይሄኛው ይሻላል። ጅዳና ዱባይ ያላችሁ ልጆቼ ኮምፕሬሰሩን ግዙ። የእርጥበት መለኪያም አብራችሁ ያዙ፤ ከ50 እስከ 60 በመቶ ከሆነ ይበቃል። ልብስ ቤት ውስጥ እያሰጣችሁ ማሽን መግዛት ግን ውሃ በወንፊት ነው። እኔም አሰጣ ነበር።

ትናንት ማታ ሁለተኛውን ማሽን ከፍቼ ተኛሁ። ልጁ ትንሽ ቢስልም እንቅልፍ ወሰደው። ደብተሩን ገጽ በገጽ እየገለጥኩ እያደረቅሁት ነው። ከ«አ» በፊት ያሉት ስሞች ይነበባሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሻጋታው በልቶታል። በ1976 8ኛ «ለ» የነበራችሁ፣ እባካችሁ ስማችሁን እስከ አባታችሁ እታች ጻፉልኝ። ከተቻለ የመቀመጫችሁንም ረድፍ።