የናርማዳ ውኃና የባንኩ ደንብ

የዓለም ባንክ በ1944 (ዘመኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በብሬተን ዉድስ ሲጠነሰስ፣ መተዳደሪያ ስምምነቱ ሹማምንቱ በአባል አገሮች ፖለቲካ ጣልቃ እንዳይገቡ፣ ሲወስኑም ኢኮኖሚያዊ ጉዳይን ብቻ እንዲመዝኑ አዘዘ። «ሰብዓዊ መብት» የሚለው ቃል ለብዙ ዓመታት ከዚህ አንቀጽ አጥር ውጭ ቆሞ ቀረ። ባንኩ ጨርሶ ደንታ አልነበረውም ለማለት አይደለም፤ በ1980 በልማት ምክንያት ስለሚፈናቀሉ ሰዎች፣ በ1982 ደግሞ ስለ ነባር የጎሳ ሕዝቦች መመሪያ ጽፏል። መጻፉ አይካድም፤ ማን ያነብበው ነበር የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው።

ጥያቄው የተፈተነው በሕንድ፣ በናርማዳ ወንዝ ላይ ነው። ባንኩ በ1985 ለሳርዳር ሳሮቫር ግድብ 450 ሚሊዮን ዶላር ሲፈቅድ፣ የሕንድ የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴር እንኳ ገና ይሁንታውን አልሰጠም ነበር። ውኃው በሚተኛበት ምድር 245 መንደሮች፣ ቢያንስም 100,000 ሰዎች ነበሩ። ብዙዎቹ አዲቫሲ የሚባሉት ነባር ሕዝቦች ናቸው። አያት ቅድመ አያቶቻቸው ያረሱትን ዳገት ያርሳሉ፤ ወረቀት ግን የላቸውም። ወረቀት የሌለው ገበሬ በመዝገብ ላይ «ሕገ ወጥ ሰፋሪ» ተብሎ ሰፈረ፤ ርስቱን ከደን እንደሰረቀ ተቆጠረ። ስለዚህ ለባለመሬት የተፈረደው ቢያንስ 2 ሄክታር ምትክ መሬት በማሃራሽትራና በማድህያ ፕራዴሽ አይገባውም ተባለ። አንድ ቃል ሰውን ከእርሻው እንዴት እንደሚነቅል ከዚህ የጠራ ምሳሌ አላውቅም፤ ውኃው የመጣው ከቃሉ በኋላ ነው።

በሜድሃ ፓትካር ግንባር ቀደምነት የተነሣው ናርማዳን የማዳን ንቅናቄ ጩኸቱን እስከ ዋሽንግተን አደረሰው። ባንኩ በ1991 ነጻ የምርመራ ቡድን ሰየመ፤ ሰብሳቢው ብራድፎርድ ሞርስ ነበር። ይህን ሰው እኛ በሌላ በኩል እናውቀዋለን፤ የ77 ድርቅ በምንለው ዘመን የተባበሩት መንግሥታትን የአፍሪካ አስቸኳይ ዕርዳታ ቢሮ የመራው እርሱ ነው። ከካናዳዊው ምክትሉ ከቶማስ በርገር ጋር በሰኔ 1992 ያወጣው ሪፖርት፣ ባንኩ የገዛ መመሪያውን እንዳልጠበቀ፣ የመስኖው ቦይ መሬታቸውን የሚነካባቸው ወደ 140,000 የሚጠጉ ገበሬዎችም ከተፈናቃይ ቁጥር እንዳልገቡ ገለጠ፤ ባንኩም ከፕሮጀክቱ ፈቀቅ ብሎ ነገሩን እንደገና እንዲያጤን መከረ። ቦርዱ ግን በጥቅምት እንቀጥል አለ። በመጋቢት 1993 ሕንድ ራስዋ የቀረውን ብድር ተወችው። ብድሩ ቀረ፤ ግድቡ አልቀረም። በዚያው ክረምት ውኃው ወደ ማኒቤሊ መንደር ሲገባ ከቤታችን አንወጣም ያሉ ነበሩ። ግድቡ በ2017 ተመረቀ።

ባንኩ በመስከረም 1993 የኢንስፔክሽን ፓነልን አቋቋመ። ከዚያ በፊት አንድ መንደርተኛ መንግሥቱን አልፎ ባንኩን አቤት የሚልበት ደጅ አልነበረም። ደጁን ያስከፈቱት እነዚያ ወረቀት የሌላቸው ገበሬዎች ናቸው ብል የተጋነነ አይመስለኝም። ጠባብ ደጅ ነው፤ ፓነሉ የሚጠይቀው ባንኩ ደንቡን ጠብቋልን ብሎ እንጂ የሰው መብት ተጥሷልን ብሎ አይደለም።

የዚህን ጠባብነት የእኛም ሰዎች አይተውታል። በ2012 ከጋምቤላ የተሰደዱ አኙዋኮች ለፓነሉ አቤቱታ አቀረቡ፤ ባንኩ የሚደግፈው የመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም፣ በግዳጅ ተካሂዷል ካሉት የመንደር ማሰባሰብ ዘመቻ ጋር የተሳሰረ ነው ብለው። ፓነሉ በ2014 በሁለቱ መካከል የአሠራር ትስስር እንዳለ፣ ባንኩም ከዚህ የሚመጣውን አደጋ በደንቡ መሠረት እንዳልመረመረ ጻፈ። ተደበደብን፣ ከመሬታችን ተነቀልን ያሉት ሰዎች የደረሰባቸው በደል እውነት መሆን አለመሆኑን ግን አልመረመረም፤ ሥልጣኑ አይደለምና።