ነጠላ ሐዲድ

ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ይሄድ ስለነበረው ስለ ድሮው የለገሃር ባቡር ሲወራ ቀድሞ የሚመጣው ወቀሳ መዘግየቱ ነው። ያደግሁት በዚሁ መስመር ላይ፣ ኤረር ጣቢያ አጠገብ ነው፤ አባቴ ሐዲድ ይጠግን ነበር፣ እናቴ ባቡር ሲቆም በመስኮት ብርቱካን ትሸጥ ነበር። ተሳፋሪው ብርቱካኑን እየላጠ ሠራተኛውን ሲራገም ሰምቼ ነው ያደግሁት። ያ እርግማን ያለ ቦታው ያረፈ ነበር እላለሁ። ባቡሩን ያዘገየው አሠራሩ ነው፤ አሠራሩም ከሐዲዱ ጋር አብሮ የተወለደ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገዱን ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በ1890 ከጅቡቲ ተጀመረ። ሐረር ይደርሳል የተባለው ሐዲድ ዳገቱ ስላልተቻለ ከተራራው ሥር ሜዳው ላይ ቀረና በ1895 ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ከዚያ በኋላ ገንዘብ ጠፋ፣ የመጀመሪያው ኩባንያ ከሰረ፤ ሌላ ኩባንያ ተቋቁሞ አዲስ አበባ የተገባው በ1909 ነው። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር፣ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ብቻ፣ መስመሩም ነጠላ።

ይህን የመጨረሻውን ነገር ተሳፋሪው ብዙ ጊዜ አያስተውለውም። በነጠላ መስመር ላይ የሚወጣውና የሚወርደው ባቡር የሚተላለፉት ጣቢያ ውስጥ ብቻ ነው፤ አንዱ ካልደረሰ ሌላው ንቅንቅ አይልም። የጣቢያ ሹሙ እጀታው የሚሽከረከረውን ስልክ አዙሮ ቀጣዩን ጣቢያ ይጠይቃል፤ መንገዱ ነፃ ነው የሚል መልስ ካላገኘ ባቡሩን አይለቅም። ሙቀቱ ፉርጎውን እንደ ምድጃ ቢያግለው፣ ሕፃን ቢያለቅስ፣ ሰው ቢጮህበት አይለቅም። ልቀቅ ብሎ የሚጮኸው መንገደኛ፣ ሹሙ እሺ ቢለው ከፊት ከሚመጣው ባቡር ጋር ሊጋጭ እንደሚችል አያውቅም። ታዲያ አዋሽ ላይ አንድ ሞተር ቢበላሽ ሁርሶ ላይ የቆመው ባቡር ሳይቀር ሰዓቱን ያጣል። ከአንድ ቦታ የተነሳ መዘግየት ጣቢያ ለጣቢያ ይዛመታል።

ሌላው ጎርፉ ነው። በጨርጨርና በሐረር ደጋ ዝናብ ሲጥል ቆላው ላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ሊሆን ይችላል። ደረቁ የአሸዋ ወንዝ በድንገት ሞልቶ ይመጣና ከሐዲዱ ሥር ያለውን ጠጠር ጠርጎት ይሄዳል። ብረቱ ከላይ እንዳለ ነው፤ ከሩቅ ለሚያየው ምንም አልሆነም። አባቴ በክረምት አካፋውን ይዞ ከመንጋቱ በፊት የሚወጣው ለዚህ ነበር። እየሄደ ይረግጠዋል፣ በመዶሻ ይመታዋል፣ ከሥሩ ባዶ የሆነውን በድምፁ ይለየዋል። ጠጠር እስኪሞላና እስኪጠቀጠቅ ባቡሩ ይጠብቃል። ያ ጎርፍ ምን ያህል ኃይል እንዳለው የተጠራጠረ ሰው በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ድሬዳዋን ምን እንዳደረጋት ያስታውስ።

የድሮዎቹ ሰዎች ይህን ስላወቁ ባቡሩ በቀን ብቻ እንዲሄድ አደረጉ። ከጅቡቲ የተነሳ መንገደኛ ድሬዳዋ ያድራል፣ አዋሽ ያድራል፣ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይገባል። ዛሬ ሲነገር ኋላ ቀርነት ይመስላል፤ ለእኔ ግን ሐዲዱ ከሚችለው በላይ ያልጠየቀ፣ በሐቅ የወጣ የጉዞ ሰዓት ነበር። ድሬዳዋም አዋሽም የአዳሪውን እራትና አልጋ ይዘው ነው ያደጉት።

ጣሊያን በወረራው ዘመን ሊቶሪና የተባለውን ባለ ሞተር የመንገደኛ ፉርጎ አመጣ፤ በኋላም የናፍጣ ሞተር እንፋሎቱን ተካው። ጉዞው አጠረ፤ ሐዲዱ ግን ያው ቀጭኑ፣ ያው ጠመዝማዛው ነበር። በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ድልድዮች ፈርሰው መስመሩ ተቋረጠ። ጥር 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ደግሞ አዋሽ አጠገብ መታጠፊያው ላይ ፍጥነቱን ያልቀነሰ ባቡር ከድልድዩ ወጥቶ ገደል ገባ፤ ከ400 በላይ ሰው አለቀ። ከዚያ ወዲህ ቸኩል የሚለኝን ሰው ስሰማ ያ ድልድይ ፊቴ ላይ ድቅን ይላል።

በአሮጌው መስመር የመጨረሻ ዓመታት መለዋወጫ ጠፋ፣ የተጣመመው ሐዲድ በጊዜ የማይቀየር ሆነ። የሚነሳበት ሰዓት በወረቀት ላይ ይጻፍ እንጂ አምኖበት ሻንጣውን የሚሸክም ሰው አልነበረም። የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ በጥገና ገንዘብ እጦት የመጣው ሁሉ በጣቢያ ሹሙና በጠጋኙ ስም ተቆጠረ።

አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቋል። ከሰበታ እስከ አዳማ ሐዲዱ ድርብ ነው፤ ከአዳማ ወዲያ እስከ ጅቡቲ ነጠላ። ግመልና ከብት ሐዲዱ ላይ ይገባሉ፣ መብራትም ይቋረጣል። ባቡሩ በረሃ ላይ ሲቆም የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ለምን እንደቆመ፣ የትኛውን ባቡር እንደሚጠብቅ ለተሳፋሪው ይነገረው። የኤረር ሹም መስኮት ለመስኮት እየዞረ ይህን ይናገር ነበር።