ሠረገላው ለማን ይሰጥ? የመተማ መንገድና የስጦታ ታሪክ



ለእግዚአብሔር ቤት አገልግሎት ተሽከርካሪ ስለ መስጠት የሚናገረውን ታሪክ በዘኁልቁ 7፥1-9 እናገኘዋለን። የማደሪያው ድንኳን ከተተከለ በኋላ የእስራኤል አለቆች ስድስት የተከደኑ ሠረገሎችና አሥራ ሁለት በሬዎች አመጡ። ሙሴ በጌታ ትእዛዝ ተቀበላቸው፤ ሲያከፋፍል ግን እኩል አላካፈለም። ሁለቱን ሠረገሎች መጋረጃዎቹን ለሚያነሡት ለጌድሶን ልጆች፣ አራቱን ደግሞ ሳንቃውንና ምሰሶውን ለሚያጓጉዙት ለሜራሪ ልጆች ሰጠ። የቀዓት ልጆች አንድም አልደረሳቸውም፤ የእነርሱ ድርሻ ንዋየ ቅድሳቱን በትከሻ መሸከም ነበረና። ሙሴ አስቀድሞ የተመለከተው የእያንዳንዱን ሸክም ነው።

ይህን ያነሣነው በውጭ አገር በሚኖሩ ወገኖቻችን ቤት ደጋግሞ ስለሚነሣ አንድ ጉዳይ ነው። ልጆች ወደ ትምህርት ቤትና ወደ መዝሙር ልምምድ የተመላለሱበት ሃይብሪድ የቤተሰብ መኪና አርጅቷል። ልጆቹ ራሳቸውን ችለው ወጥተዋል። ወላጆች «ለጌታ ሥራ እንስጠው» ይላሉ። ቤተሰቡ የጎንደር ሰው ከሆነ ደግሞ ልቡ ወደ መተማ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 የሱዳን ጦርነት ከጀመረ ወዲህ በዚያ በር የሚገባውን ሕዝብ እያየ «መኪናውን ለዚያ አገልግሎት ብንልከውስ?» ይላል። መልካም ልብ ነው። ነገር ግን ይህ መንገድ ከስጦታ ጋር የቆየ ታሪክ አለው፤ እርሱን ሳናይ መልስ ባንቸኩል ይሻላል።

ስዊሳዊው ሳሙኤል ጎባት እ.ኤ.አ. በ1830 ወንጌልን ይዞ ጎንደር ገባ። በኋላ በኢየሩሳሌም ጳጳስ ሆኖ ሲሾምም ኢትዮጵያ ከልቡ አልወጣችም። በባዝል አጠገብ የቅድስት ክሪሾናን የሚስዮን ማሠልጠኛ የመሠረተው ክርስቲያን ስፒትለርም ሸክሙን ተጋራ። ሁለቱ ያሰቡት ከግብፅ እስከ ጎንደር አሥራ ሁለት ጣቢያዎችን መትከል፣ እያንዳንዱንም በአንድ ሐዋርያ ስም መጥራት ነበር። ዕቅዱን «የሐዋርያት መንገድ» አሉት። አሥራ ሁለቱ አልሞሉም። ከተከፈቱት ጥቂቶች አንዱ ግን እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ የተተከለው የመተማ ጣቢያ ነው። ዛሬ ስለ መተማ ስናስብ ጉምሩኩን፣ ሰሊጡንና የጭነት መኪናውን ብቻ እናስታውሳለን፤ አናጺና አንጥረኛ የሆኑ ወንጌላውያን በንዳድ እየታመሙ በዚያ ቆላ መኖራቸውን የሚያውቅ ጥቂት ነው።

በዚያ ዘመን ከሱዳን ሜዳ ጭነት የሚያመጣው ግመል ነበር። ግመል ሙቀቱንና ውኃ ጥሙን ይችላል፤ ሜዳው አልቆ አቀበቱ ሲጀምር ግን ይለግማል። ወደ ደጋ የሚሄደው ዕቃ ከተራራው ግርጌ ወርዶ በበቅሎ፣ በአህያና በሰው ትከሻ እንደገና ይጫናል። እ.ኤ.አ. በ1865 መጨረሻ የንግሥት ቪክቶሪያን ደብዳቤ የያዘው ሆርሙዝድ ራሳም ከሁለት ጓደኞቹ ጋር መተማ ደርሶ የአፄ ቴዎድሮስን ፈቃድ ሲጠብቅ ከርሟል። በዚህ ቦታ ያለፈ ሁሉ ጭነቱን ማን እንደሚረከበውና በምን እንደሚቀጥል ማሰብ ነበረበት። ግመሉ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ አገሩ እዚያ ላይ ስላበቃ ነው።

ሌላው የስጦታ ታሪክ የበለጠ ያሳዝናል። ማርቲን ፍላድና ጓደኞቹ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው መጡ። ንጉሡ መጽሐፉን አልጠሉም፤ አብልጠው የፈለጉት ግን የሰዎቹን እጅ ነበር። ከክሪሾና የመጡት ሙያተኞች በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ሰፍረው መጀመሪያ ሌላ ሌላውን ሲሠሩ ቆዩ፤ በኋላ መድፍ እንዲያፈሱ ታዘዙ። ሴባስቶፖል የተባለው ግዙፍ መድፍ ከእጃቸው ወጣ። መድፉን በመንኮራኩር ላይ ጭኖ ከደብረ ታቦር መቅደላ ለማድረስ፣ ገደሉን እየናዱ መንገድ እየጠረጉ፣ ከጥቅምት 1867 እስከ መጋቢት 1868 እ.ኤ.አ. ድረስ ግማሽ ዓመት ፈጀ። ወንጌል ሊሰብኩ የተላኩ ሰዎች የሠሩት ትልቁ ተሽከርካሪ ይኸው ሆነ። በእነርሱ መፍረድ አንፈልግም፤ የንጉሥ ትእዛዝ ነበረባቸው፣ ኋላም ታስረዋል። ሆኖም ሰጪው ያሰበው አገልግሎትና ስጦታው በተቀባዩ እጅ የሚሆነው ነገር ምን ያህል ሊራራቁ እንደሚችሉ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ በአገራችን ታሪክ አናውቅም።

በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ በመተማ ወደቁ፤ ከተማይቱ ዛሬም መተማ ዮሐንስ ትባላለች። የሐዋርያት መንገድ ከዚያ ቀድሞ ተዘግቶ ነበር።

ዛሬ ከጎንደር በአይከል፣ በሸኸዲ (ገንዳ ውኃ) አድርጎ መተማ የሚያደርሰው አስፋልት ነው። ግመሉን አይሱዙና ሚኒባስ ተክተውታል፤ በከተማው ውስጥ ባጃጅና የአህያ ጋሪ አሉ። ታዲያ የእኛ ሃይብሪድ እዚህ ቢደርስ ምን ይገጥመዋል?

ሲጀመር አይደርስም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከለከለ። በልዩ ፈቃድ ገባ እንበል። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ገበያ ላይ የዋሉት የመጀመሪያዎቹ ሃይብሪድ ኤስዩቪዎች ትልቁ ባትሪያቸው የሚበርደው በአየር ነው፤ አንዳንዶቹ አየሩን የሚስቡት ከኋላ መቀመጫ አካባቢ ነው። የመተማ ሙቀት በበጋው መጨረሻ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ አቧራውም የታወቀ ነው። ሙቀት ባትሪን ያስረጃል፣ አቧራ የአየር መግቢያውን ይደፍናል። ባትሪው ሲሞት ደግሞ መለዋወጫውንም ሆነ ከፍተኛ ኤሌክትሪክ የሚነካ ሠልጣኝ መካኒክ በቅርብ ማግኘት ከባድ ነው። ያን ጊዜ የሠፈሩ ጉባኤ በአጥሩ ውስጥ የቆመ ብረት ይጠብቃል። በዚያ ላይ ሰው ታግቶ ገንዘብ በሚጠየቅበት አካባቢ ያማረ የቤተሰብ መኪና የሚነዳ አገልጋይ ራሱን ለአደጋ ያጋልጣል።

ዳዊት ታቦቱን ያመጣው በአዲስ ሠረገላ ነበር (2ኛ ሳሙ. 6፥3)። አዲስ እንጂ አሮጌ አልነበረም! ግን ታቦቱ የቀዓት ልጆች የትከሻ ሸክም ነበረ፤ መጨረሻው የዖዛ ሞት ሆነ።

እንግዲህ መኪናው ባለበት አገር ይሰጥ። በአሜሪካ ላላችሁ ሕጉን በአጭሩ እንንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ሕግ ከመጽደቁ በፊት ሰው መኪና ለግብረ ሰናይ ሰጥቶ የገበያ ግምቱን ከታክስ ያስቀንስ ነበር፤ ግምቱም ብዙ ጊዜ ይጋነን ነበር። ከ2005 ወዲህ ድርጅቱ መኪናውን ከሸጠውና ዋጋው ከ500 ዶላር ካለፈ፣ የሚቀነሰው በተሸጠበት ዋጋ ልክ ብቻ ነው። ድርጅቱ ራሱ በሥራው ላይ በሚገባ ከተጠቀመበት፣ ጉልህ ጥገና ካደረገለት፣ ወይም ለችግረኛ በነጻ ወይም በጣም በረከሰ ዋጋ ካስተላለፈው ግን ሙሉ ግምቱ ይታሰባል። ማስረጃው 1098-ሲ የሚባለው ቅጽ ነው። ቅናሹን የሚያገኘውም ወጪውን ዘርዝሮ የሚያቀርብ ሰው ብቻ ነው። መኪናውን ተረክቦ የሚሸጥ ደላላ ድርጅት መካከል ከገባ፣ ከሽያጩ ምን ያህሉ ለአገልግሎቱ እንደሚደርስ ፊት ለፊት ጠይቁ፤ መጠየቅ አለማመን አይደለም። ብዙ ጊዜ ራሳችሁ ሸጣችሁ ገንዘቡን ብትሰጡ የሚደርሰው ይበልጣል።

የባትሪውን ሁኔታም አስመርምራችሁ እውነቱን ተናገሩ። ሚልክያስ 1፥8 አንካሳውንና በሽተኛውን እንስሳ ለመሥዋዕት ያቀረቡትን የወቀሰው፣ ለአገረ ገዢያቸው የማይደፍሩትን ለጌታ በማቅረባቸው ነው። አሮጌ መስጠት ነውር የለበትም፤ ጉድለቱን ደብቆ መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው።

ሜራሪም ሩቅ ላይሆን ይችላል። በምትኖሩበት ከተማ ሁለት ሥራ ለመሥራት በሌሊት ሦስት አውቶቡስ የሚቀያይር አዲስ መጤ ቤተሰብ ካለ፣ ሱዳናዊም ይሁን ኢትዮጵያዊ፣ ሙስሊምም ይሁን ክርስቲያን፣ ያ መኪና ለእርሱ ሠረገላ ነው። በዚያ አየር ጠባይ፣ መካኒክ ባለበት ገና ብዙ ዓመት ይሄድለታል።

ለመተማ ደግሞ ለትከሻው የሚሆነውን ላኩ። በሰሊጥና በማሽላ እርሻ ላይ ለመሥራት ከደጋ የወረደ ወጣት ሜዳ ላይ ሲተኛ የአሸዋ ዝንብ ይነድፈውና ካላአዛር ይይዘዋል። ካልታከመ ከመቶው ከ95 በላይ ይገድላል። የታወቀው ሕክምና በየቀኑ እየተወጋ 17 ቀን ይወስዳል። እንዲህ ያለው ሕመምተኛ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለመድረስ የሚያስፈልገው የሚኒባስ ሂሳብ፣ የአስታማሚው ምግብና የመመለሻ ትራንስፖርት ነው። ከሱዳን በእግሯ ገብታ ልጆቿን ይዛ መጠለያ ለምትጠብቅ እናትም ሸክሟ ጀሪካን፣ ምንጣፍ፣ የአንድ ሳምንት ዱቄትና ዕቃዋን የሚያደርስላት የአህያ ጋሪ ነው። የጋሪውን ዋጋ የሚያውቁት በዚያ ያሉት አማኞች ናቸውና ከመላካችሁ በፊት እነርሱን ጠይቁ።