ኢስሊ፦ ከአልጋ ሥር የወጣ ገበያ
የናይሮቢዋ ኢስሊ በ1921 እ.ኤ.አ. ስትቆረቆር የመኖሪያ ሰፈር ነበረች፤ ሕንዶችና ሶማሌዎች ይኖሩባታል። በ1991 የሶማሊያ መንግሥት ሲወድቅ ብዙ ስደተኛ ጋሪሳ ሎጅ በተባለው ማደሪያ አረፈ። ቀን ክፍሉ ውስጥ ልብስ ዘርግቶ ይሸጣል፤ ማታ ዕቃውን አልጋ ሥር ከትቶ እዚያው ይተኛል። ቤቱም ሱቁም በአንድ ኪራይ! እኔ ዲፕሎማ ይዤ ይህን ያህል ወጪ መቀነስ አልቻልኩም። ቀስ በቀስ ክፍሎቹ ሱቅ ሆኑ፤ አማል ፕላዛና ሌሎች ሕንፃዎች ተከተሉ፤ ብዙ የድሮ ቤቶች ፈረሱ። ሕንፃ ለምን ተሠራ አልልም፤ የምሸምተው ከዚያው ነው። ግን ያን ገበያ ያቆመው ነጋዴው እዚያው ማደሩ ነበር። አሁን ለጠባብ ሱቅ ከኪራዩ በፊት «ጉድዊል» የሚሉት ገንዘብ ይጠየቃል። አዲስ የመጣችው እህታችን መንገድ ዳር ላስቲክ አንጥፋ ትጀምራለች።