ባዳው ጥርስ
የጥርስ ድልድይ ታሪክና የጎረቤት ዕዳ

«ጥርስ ባዳ ነው» ይላል የአገራችን ሰው። ልብ በኀዘን ሲቃጠል ጥርስ ግን ለመጣው ለሄደው ሁሉ ይስቃልና፣ የባለቤቱን ችግር የማይካፈል ባይተዋር ነው ማለቱ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ግን በምሳሌ ሳይሆን በእውን ባዳ ስለሆነው ጥርስ ነው፤ ከሌላ ስፍራ መጥቶ፣ በወለቀው ጥርስ ቦታ ገብቶ፣ በቤተኞቹ መካከል ተቀምጦ ስለሚያኝከውና ስለሚስቀው ሰው ሠራሽ ጥርስ።

የጥርስ ሐኪሞች «ብሪጅ» የሚሉት፣ እኛ የጥርስ ድልድይ ልንለው የምንችለው ሥራ አሠራሩን ለማስረዳት አያስቸግርም። አንድ ጥርስ ሲወልቅ በግራና በቀኙ ያሉት ሁለት ጥርሶች ዙሪያቸውን ተሞርደው ይቀጥናሉ፤ በላያቸውም ቆብ ይደፋባቸዋል። ተተኪው ጥርስ በሁለቱ ቆቦች መካከል ተያይዞ ይንጠለጠላል። ይህ ተተኪ ሥር የለውም። ድድን ነክቶ የቆመ ይመስላል እንጂ የቆመው በጎረቤቶቹ ላይ ነው፤ ቆሎ በተቆረጠመ ቁጥር ሸክሙን የሚችሉለት እነርሱ ናቸው። ስለዚህ የዚህን ሥራ ታሪክ የሚከታተል ሰው የባለሙያዎቹን ብልኀት እያደነቀ አንድ ጥያቄ አብሮ መጠየቁ አይቀርም። ጥርስ ላጣው ሰው ጥርስ ሲሰጠው፣ ዋጋውን የከፈለው ማን ነው? (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ከነወርቁ የተቀበረ

ከሚታወቁት ጥንታውያን የጥርስ ድልድዮች መካከል ዕድሜ ጠገቦቹ የተገኙት በኢጣልያ ምድር፣ በኤትሩስካውያን መቃብሮች ውስጥ ነው። ሥራው የሚጀምረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዓመት ነው። አንጥረኛው ለስላሳ ንጹሕ ወርቅ ቀጥቅጦ ጠባብ ጥብጣብ ያወጣና ጤነኞቹን ጥርሶች በዙሪያቸው ያስርበታል፤ በክፍተቱ ውስጥ የሰው ወይም የከብት ጥርስ ተስተካክሎ ይገባና ከጥብጣቡ ጋር በትንሽ ምስማር ይያያዛል። ጎረቤቶቹ ጥርሶች ይታሰራሉ እንጂ አይሞረዱም፤ ከአካላቸው የሚጎድል ነገር የለም።

ስለነዚህ ድልድዮች የሚያስገርመው ሌላው ነገር የለበሷቸው ሰዎች ማንነት ነው። ጾታቸው ሊለይ ከተቻለው ባለቤቶች አብዛኞቹ ሴቶች ሆነው ተገኝተዋል። ከዚህ በመነሣት አንዳንድ ተመራማሪዎች ጤነኛ የነበሩ የፊት ጥርሶች ለወርቁ ቦታ ለመልቀቅ ሆን ተብለው ሳይነቀሉ አልቀሩም ይላሉ። ወርቁ ሰው ሲስቅ ከሩቅ የሚታይ ጌጥ ነበረና።

በሊባኖስ የባሕር ዳርቻ፣ በጥንታዊቷ ሲዶና መቃብሮች ደግሞ በወርቅ ሽቦ የተጠላለፉ የፊት ጥርሶች ያሏቸው የመንጋጋ አጥንቶች ተገኝተዋል። ከነዚህ በአንደኛው ላይ ሽቦው የያዛቸው ሁለት ጥርሶች የሟቹ አልነበሩም፤ ከሌላ ሰው አፍ የመጡ ናቸው። ማን እንደሰጣቸው፣ በፈቃዱ ይሁን በግድ፣ መቃብሩ አይናገርም።

ሮማውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ450 ገደማ በደነገጉት የአሥራ ሁለቱ ሰሌዳዎች ሕግ ከሟች ጋር ወርቅ እንዳይቀበር ከልክለው ነበር። አንድ ነገር ብቻ ለይተው ፈቀዱ፤ ጥርሱ በወርቅ የታሰረ ሰው ከነወርቁ ቢቀበር ወይም ቢቃጠል በደል አይሆንም አሉ። ሕግ አውጪው ለዚህ ልዩ አንቀጽ ማውጣቱ ሥራው በዘመኑ እንግዳ እንዳልነበረ ይመሰክራል። ከዚያም አልፎ ባዳው ጥርስ ከቀብር በፊት ከአፍ ተፈልቅቆ የማይወጣ የሰውነት ክፍል ተደርጎ መቆጠሩን ያሳያል።

ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ1000 ዓ.ም. ገደማ፣ በእስፓንያዪቱ ኮርዶባ የነበረው ዐረብ ሐኪም አል-ዘህራዊ «አት-ተስሪፍ» በተባለው መጽሐፉ የተነቃነቁ ጥርሶችን በሽቦ ስለማሰር ጽፏል። ብር ይበላሻልና ወርቅ ይሻላል ይላል፤ ለወደቀው ጥርስ ምትክም ከበሬ አጥንት እየተቀረጸ እንዲገባ ይመክራል። እስከዚህ ድረስ የዕዳው አብዛኛው ክፍል በበሬና በወርቅ ይከፈል ነበር ማለት ይቻላል።

የድኻ ጥርስ በባለጸጋ አፍ

በ18ኛው መቶ ዓመት ግን ነገሩ መልኩን ለወጠ። በካሪቢያን ደሴቶች ባሪያዎች የሚያመርቱት ስኳር የአውሮፓን ማዕድ አጥለቀለቀ፤ ከስኳሩም ጋር የጥርስ መበስበስ ገባ። ፓሪሳዊው ፒየር ፎሻር በ1728 ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ የጥርስ ሕክምናን ራሱን የቻለ ሙያ አድርጎ ሲያቆመው፣ ምትክ ጥርስ የሚፈልገው ባለጸጋ በዝቶ ነበር።

ለምትክ ከሚመረጡት ነገሮች አንዱ የጉማሬ ጥርስ ነበር። በእኛ ዘንድ የጉማሬ ስም የሚነሣው ከቆዳው ከሚሠራው አለንጋ ጋር ነው፤ የአውሮፓና የአሜሪካ የጥርስ ሠራተኞች ግን የፈለጉት ረጅሙን ክራንቻውን ነው። ከዝሆን ጥርስ ይልቅ ጠንካራ በመሆኑ ከአፍሪካ ወንዞች እየተጓዘ በሎንዶንና በኒውዮርክ ሱቆች ይቀረጽ ነበር። ጆርጅ ዋሽንግተን በ1789 የአሜሪካ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኖ ሲሾም በአፉ የቀረችው የገዛ ጥርሱ አንዲት ብቻ ነበረች። ጆን ግሪንውድ የተባለው የጥርስ ሐኪም ከጉማሬ ጥርስ የሠራለት ምትክ ለዚያች አንዲት ጥርስ ማለፊያ ቀዳዳ ተበጅቶለታል።

የጉማሬ ጥርስ ግን ይበሰብሳል፣ ይሸታል። ስለዚህ በፊት በኩል፣ ሰው በሚያየው ቦታ ላይ፣ የሰው ጥርስ ይመረጥ ነበር። የዋሽንግተን ርስት የ1784 የሒሳብ መዝገብ ለአንድ ፈረንሳዊ የጥርስ ሐኪም ሒሳብ ተብሎ ለ«ኔግሮዎች» ስለ 9 ጥርስ 122 ሽልንግ መከፈሉን ያሳያል። ተከፈለ ይባል እንጂ፣ ባሪያ ለጌታው «አልሸጥም» ሊል የሚችልበት ቦታ አልነበረም። በሎንዶንም ከድኻ ልጅ ድድ ጥርስ ነቅሎ ወዲያው በባለጸጋ ድድ ውስጥ መትከል ልማድ ሆኖ ነበር፤ ዝነኛው የቀዶ ሕክምና ሊቅ ጆን ሀንተር ሥራውን ደግፎታል። ሠዓሊው ቶማስ ሮውላንድሰን በ1787 ይህንኑ በሥዕል ተሳልቆበታል። በሥዕሉ ላይ ባለጸጎቹ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ የተቦጫጨቀ የለበሱት ልጆች ጉንጫቸውን ይዘው በበር ይወጣሉ።

በ1815 ናፖሊዮን በዋተርሎ ሲሸነፍ ሜዳው በወጣቶች ሬሳ ተሸፈነ። ሬሳዎቹ ጥርሳቸው እየተነቀለ ተሸጠ፤ «የዋተርሎ ጥርስ» የሚለው ስያሜም ለዘመኑ ምትክ ጥርስ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ብዙ ባለጸጋ ስሙን በማያውቀው የሟች ጥርስ ሥጋውን አኝኳል።

ከዚህ ያወጣው የሲኒ ሸክላ ነው። ፓሪስ አጠገብ ይኖር የነበረው መድኃኒት ቀማሚ አሌክሲ ዱሻቶ ሰው ሠራሽ ጥርሱ የሚቀምሳቸውን መድኃኒቶች ሽታ እየያዘ ቢያስቸግረው፣ በ1774 ገደማ ከፖርሴሊን ምትክ አሠራ። በ1808 ጁዜፓንጄሎ ፎንዚ የተባለው ኢጣልያዊ በፓሪስ ነጠላ ነጠላ የሸክላ ጥርሶችን ከትንንሽ የፕላቲኒየም መያዣዎች ጋር አቀረበ። ሸክላ አይበሰብስም፤ ከማንም ድድ አይነቀልም። ሥራው እየተስፋፋ ሲሄድ የድኻውና የሙታኑ ዕዳ ቀስ በቀስ ተነሣ።

ሰምና ወርቅ

ዕዳው ግን አልጠፋም፤ ወደ ጎረቤት ጥርስ ተዛወረ። በ1871 ጄምስ ሞሪሰን በእግር እየተረገጠ የሚሽከረከር የጥርስ መሰርሰሪያ የፈጠራ መብት አገኘ። ቀድሞ ሊታሰብ የማይችል የነበረው ነገር፣ ጤነኛ ጥርስን ዙሪያውን ሞርዶ ለቆብ ማዘጋጀት፣ በዚህ መሣሪያ የዕለት ተዕለት ሥራ ሆነ። ኤትሩስካዊው አንጥረኛ አስሮ ብቻ የተወውን ጎረቤት፣ የአዲሱ ዘመን ሐኪም ሞረደው።

የቀረው ችግር ቆቡን በተሞረደው ጥርስ ልክ መሥራት ነበር። በ1907 የቺካጎው ዊልያም ታጋርት መፍትሔውን ለሙያ ባልደረቦቹ አሳየ። ቅርጹን በሰም ያበጃል፤ ሰሙን በጭቃ መሰል ነገር ይሸፍነዋል፤ ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ስፍራ የቀለጠ ወርቅ ይገባል። አንባቢ ይህን ሲያነብ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። የእኛ አንጥረኞች የቤተ ክርስቲያን መስቀል ሲያፈስሱበት የኖሩበት፣ የቅኔ መምህራንም ለሁለት ፍቺ ንግግር ስም የተዋሱበት ሰምና ወርቅ ይኸው ነው። ታጋርት ጥንታዊውን ጥበብ ለጥርስ አለካክ ተስማሚ አደረገው፤ በወርቅ የሚሠሩት ቆቦችና ድልድዮች ከዚያ ወዲህ በዚሁ ዘዴ ይፈስሱ ጀመር።

የጎረቤቱም ሸክም በደንብ ይታሰብ ጀመር። ኧርዊን አንቴ በ1926 ባስቀመጠው መመሪያ መሠረት፣ ድልድዩን የሚሸከሙት ጥርሶች ሥር በጠቅላላ ስፋቱ ከጎደሉት ጥርሶች ሥር ማነስ የለበትም። ሁለት ለሚሆን ሸክም አንድ ጎረቤት አይበቃም እንደማለት ነው። በ1962 ደግሞ ሸክላን ከብረት ጋር አዋሕዶ የመጋገር ዘዴ የፈጠራ መብት ተሰጠው፤ ድልድይ ውስጡ ብረት፣ ላዩ ጥርስ የመሰለ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ጥረት ያንን የጎረቤት ዕዳ መቀነስ ነው። ማይክል ቡኖኮር በ1955 የጥርስን ውጫዊ ሽፋን በአሲድ በጥቂቱ አሻክሮ ማጣበቅ እንደሚቻል አሳየ። በዚህ ላይ በመመሥረት በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ጎረቤቶቹን በጥቂቱ ብቻ ነክቶ ከጀርባቸው በክንፍ የሚለጠፍ ድልድይ ተሠራ። ስዊድናዊው ፐር-ኢንግቫር ብሮነማርክ ደግሞ በ1952 በጥንቸል አጥንት ውስጥ ያስገባው የቲታኒየም ዕቃ ከአጥንቱ ጋር ተዋሕዶ አልወጣም አለው። በ1965 ይህንኑ ብረት በሰው መንጋጋ ተከለ። የተተከለው ብረት እንደ ሥር ስለሚያገለግል ከጎረቤት ምንም አይበደርም፤ ዋጋው ግን ለብዙ ሰው ዛሬም ከአቅም በላይ ነው።

ክፍተቱ የማን ጉድለት ነው?

እስካሁን የተረክነው ክፍተት ጉድለት ነው ከሚል መነሻ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ግን ይህ ሁልጊዜ እውነት አይደለም። በዲንካና በኑዌር ዘንድ የታችኞቹን የፊት ጥርሶች፣ ብዙ ጊዜ ስድስቱን፣ በልጅነት ማስነቀል ወግ ሆኖ ኖሯል፤ በኬንያ ሉኦዎችም ዘንድ እንዲሁ። ማሳዮች ሁለቱን የታች መካከለኛ ጥርሶች ያስወጡ ነበር። ጥርሱ የወጣለት ልጅ የወገኑን መልክ ያዘ፣ አማረበት ይባላል። በመንደሩ ጎደሎ የሚመስለው ጥርሱ ሙሉ የሆነው ነው።

ከሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ሸሽተው በአሜሪካ የሠፈሩ ዲንካዎችና ኑዌሮች ግን ክፍተቱን ይዘው ሌላ ዓለም ውስጥ ገቡ። በ2008 በብሪቲሽ ዴንታል ጆርናል የወጣ ጥናት የነዚህን ስደተኞች ጥርስ የማስተካት ጉዞ ይዘግባል። በአገር ቤት የክብር ምልክት የነበረው በሰው አገር ጉድለት ሆነ፤ ድልድይ ወይም ተከላ የሚያስፈልገው «ሕመም» ተባለ። ስድስት ጥርስ የሚያህል ክፍተት ደግሞ ለጥቂት ጎረቤቶች ከባድ ሸክም ነው። ኤትሩስካዊቷ እመቤት ወርቅ ለማግባት ጥርሷን አስወጥታ ከሆነ፣ የዲንካው ልጅ ክፍተቱን ራሱን ጌጥ አድርጎታል። ሁለቱም ጥርስ የሰውን ዓይን እንደሚከተል ያውቁ ነበር። ልዩነቱ ዲንካው ዓይኑ ሲለወጥበት እንደገና መክፈል መገደዱ ነው።

ዛሬ በናይሮቢም ሆነ በአዲስ አበባ፣ በጅቡቲም ሆነ በካምፓላ ወደ ጥርስ ሐኪም የሚሄድ ሰው ወንበሩ ላይ ከመጋደሙ በፊት የሚጠይቀው ጥያቄ ከዚህ ታሪክ የወጣ ነው። ሐኪሙ «ሁለቱን ጥርሶች እንሞርዳለን» ሲል፣ ጤነኞች ናቸው ወይስ ቀድሞውንም የተበሉ? የተሞረደ ጥርስ ዳግም አይበቅልም። ጎረቤቶቹ ደካሞች ቢሆኑ ቆቡ ይጠቅማቸዋል፤ ጤነኞች ቢሆኑ ግን ለባዳው ሲባል አካላቸውን የሚሰጡት ቤተኞቹ ናቸው። እነርሱን ወክሎ መጠየቅ የባለቤቱ ፋንታ ነው።