አውሬው፣ ታዳጊውና ሳቁ፦ በሦስት የአሜሪካ ፊልሞች የታየ የልዩነት ታሪክ



ታዳጊ ወጣት ወደ አውሬ የሚለወጥባቸውን የአሜሪካ ፊልሞች የታሪክ ተመራማሪ ሊንቃቸው አይገባም። ኅብረተሰቡ ከልጆቹ መካከል የትኛውን እንደሚፈራ፣ የትኛውንስ አጨብጭቦ እንደሚቀበል ፍንጭ ይሰጣሉና። ዛሬ ሦስቱን በቅደም ተከተል እንመለከታለን፤ ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው በ1957 የወጣው «አይ ዋዝ ኤ ቲንኤጅ ዌርዎልፍ» ነው። አስቂኝ ፊልም አይደለም፤ ሆኖም በኋላ የሚሳቅበትን ታሪክ መሠረት ጥሏል። ማይክል ላንደን የተጫወተው ቶኒ ቁጡ ተማሪ ነው። ጠባዩን እንዲያርም ወደ ሥነ ልቦና ሐኪም ዘንድ ይመራል፤ ሐኪሙ ግን በመርፌና በሂፕኖሲስ ወደ ተኩላነት ይለውጠዋል። በመጨረሻም ፖሊሶች ተኩሰው ይገድሉታል። አውሬውን የፈጠረው ልጁን በአደራ የተቀበለው አዋቂ ነው፤ ከተማው የሚያሳድደው ግን ልጁን ነው።

በ1985 በወጣው «ቲን ዎልፍ» ፍርሃቱ ወደ ሳቅ ተለወጠ። ማይክል ጄ. ፎክስ የተጫወተው ስኮት ተኩላነትን የወረሰው ከደግ አባቱ ነው። በቅርጫት ኳስ ጨዋታ መካከል ሲለወጥ ተመልካቹ ለአፍታ ደንግጦ ወዲያው በደስታ ይጮኻል፤ ጓደኛው ስታይልስም በተኩላው ስም ልብስ አሳትሞ ይሸጣል። ልዩነት ነጥብ እስካስገኘና ገበያ እስካደራ ድረስ ተወደደ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ስኮት ምስጢሩን ሊገልጥ ሲል፣ ስታይልስ አስቀድሞ የሚሰጋው «ግብረ ሰዶማዊ ነኝ» እንዳይለው ነው። ተኩላ መሆኑን መስማት ይቀልለዋል። ሳቁ አንዱን ሲያስገባ ሌላውን ደጃፍ ላይ አስቀርቷል።

የ2009ን «ጄኒፈርስ ቦዲ» የጻፈችው ዲያብሎ ኮዲ፣ ያዘጋጀችው ካሪን ኩሳማ ናት። ዝና የናፈቃቸው ሙዚቀኞች ጄኒፈርን ለሰይጣን ይሠዋሉ፤ እርሷም ጋኔን አድሮባት ትመለስና ወንዶች ልጆችን ትበላለች። ከተማው ግን ሙዚቀኞቹን እንደ ጀግና ያወድሳል፤ የፊልሙ መራር ቀልድ ይህ ነው። ማስታወቂያው በበኩሉ በዋና ተዋናይቷ በሜጋን ፎክስ ገላ ወጣት ወንዶችን ለመሳብ ጣረ። ሴት ለሌሎች ጥቅም መሠዋቷን የሚነቅፈው ሥራ ራሱ በሴት ገላ ተሸጠ። ብዙ ሐያስያን መልእክቱን በአግባቡ የመረመሩት ዘግይተው፣ በተለይም ከ2017ቱ የ«ሚ ቱ» እንቅስቃሴ በኋላ ነው።

በእርግጥ ሦስት ፊልሞች ኅብረተሰብን በሙሉ አይገልጡም። ሆኖም አንድ ነገር ያስተምሩናል፤ ሳቅ ፍርሃትን ያጠፋ በመሰለበት ጊዜ ከአንዱ ትከሻ አንሥቶ በሌላው ላይ ሊጭነው ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ፊልም ስናጠና፣ እየሳቅን በማን ጉዳት ላይ ዝም እንዳልን እንጠይቅ።