የድምፅ መዛባትና መድኃኒቱ

ድምፅን ማጉላት ቀላል ነው፤ ሳያበላሹ ማጉላት ግን ብዙ የተደከመበት ጥበብ ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1915 ዓ.ም. ኒው ዮርክና ሳን ፍራንሲስኮ በቴሌፎን ተገናኙ። ድምፅ በረጅም ሽቦ ላይ እየደከመ ስለሚሄድ፤ በመንገዱ በቫልቭ የሚሠሩ ማጉያዎች ተተከሉ። ነገር ግን እያንዳንዱ ማጉያ ከራሱ ጥቂት ጉድፍ ይጨምራል፤ የፊተኛውን ጉድፍ የኋለኛው ያጎላዋል። በአንድ ሽቦ ብዙ ንግግር ሲላክም፤ በዚህ ምክንያት አንዱ ከሌላው ይደባለቃል።

የቤል ላቦራቶሪ መሐንዲስ ሃሮልድ ብላክ፤ አስቀድሞ ቫልቩን ራሱን እንከን የለሽ ለማድረግ ቢደክም አልሆነለትም። በ1927 ዓ.ም. ኦገስት 2 ቀን ግን፤ ወደ ሥራው ሲሄድ በሐድሰን ወንዝ ማመላለሻ መርከብ ላይ ሳለ መላው ታየው፤ በያዘው ጋዜጣ ገጽ ላይም ነደፈው። ይኸውም፤ ከማጉያው ከሚወጣው ድምፅ ጥቂቱን ወደ መግቢያው በተቃራኒ መልሶ፤ ከገባው ጋር ማመሳከር ነው። በመዝገብ ቤት ግልባጭ ከዋናው ጋር ተመሳክሮ እንደሚታረም ሁሉ፤ ማጉያውም ስሕተቱን ራሱ ያርማል። ዋጋው ከማጉላት ኃይሉ ብዙውን መተው ነበር። በ1928 ያቀረበው የፈጠራ መብት ጥያቄ በአሜሪካ የተፈቀደለት በ1937 ነው።

በ1947 ዓ.ም. ደግሞ ዊሊያምሰን የተባለ መሐንዲስ፤ ዋየርለስ ወርልድ በተባለው የእንግሊዝ መጽሔት፤ በዚሁ መላ የሚሠራ የማጉያ ንድፍ አወጣ። በ15 ዋት ኃይል መዛባቱ ከሺህ አንድ እጅ አይበልጥም ነበርና፤ ብዙ ሰዎች በየቤታቸው ሠሩት።

ዛሬ በቤቱ በኮምፒዩተር ሙዚቃ የሚያሰናዳ፤ ወይም የቆየ የድምፅ ክር የሚገለብጥ ሰው፤ ሌላ አደጋ አለበት። በዲጂታል መሣሪያ ድምፁ ከልኩ ሲያልፍ ጫፉ ይቆረጣል፤ ከተቀዳ በኋላ ዝቅ ቢያደርጉት የተቆረጠው አይመለስም። ስለዚህ ጉድፍ ሲሰማ ዕቃ ለመለወጥ ከመቸኮል፤ ከምንጩ ጀምሮ በየደረጃው የገባውን ከወጣው ጋር ማነጻጸር ይገባል። ሁለቱም በእኩል ጉልበት ይሰሙ፤ ጎልቶ የተሰማ ሁሉ የተሻለ ይመስላልና። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፤ የለመድነውን ጉድፍ ጆሯችን አይነግረንም።

ዋናው ክር ሲያረጅ ለልጆቻችን የሚቀረው ግልባጩ ብቻ ነው። ሳይመሳከር የተላለፈ ስሕተት ለእነርሱ እውነት ሆኖ ይቀመጣል።